ትልቅ ፓኬት የቤት ኔትወርክን ያፈጥናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኮምፒውተርና ኔትወርክ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ገርጂ አካባቢ ቤቴ ውስጥ ትንሽ የቪዲዮ ስቱዲዮ አለኝ። ሰርግና ምርቃት እቀርጻለሁ፤ ኤዲት የማደርገውም ራሴ ነኝ። የአንድ ሰርግ ቀረጻ 60 ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል። ካሜራው ላይ ያለውን እዚያው ወደ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ እገለብጠዋለሁ። ቤት ስገባ ሃርድ ዲስኩን ኮምፒውተሬ ላይ ሰክቼ ወደ ናስ አስተላልፈዋለሁ። ኮምፒውተሩም ናሱም በኬብል ከአንድ ባለ 8 ፖርት ጊጋቢት ስዊች ጋር ተገናኝተዋል። ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ከ38 ሜጋባይት አያልፍም። አንድ ጓደኛዬ ‹ኤምቲዩውን ከ1500 ወደ 9000 ቀይረው፤ ፓኬቱ 6 እጥፍ ሲተልቅ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ይጨምራል› አለኝ። በሁለቱም ላይ ቀየርኩት። ይባስ ብሎ አሁን የናሱ ገጽ ግማሹ ተከፍቶ ይቆማል። ፋይል መገልበጥ ስጀምርም ዜሮ ላይ ይቀራል። ፒንግ ሳደርገው ግን ይመልሳል። ምን ይመክሩኛል?»
ቢ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ ቢ.፣ መጀመሪያ ዛሬውኑ ኮምፒውተሩንም ናሱንም ወደ 1500 መልሳቸው። ሥራህ አይቁም። ከዚያ ሁለቱን ችግሮች ለያይተን እንያቸው፤ መዘግየቱና ጭራሽ መቆሙ ምክንያታቸው አንድ አይደለም።

ለሌሎች አንባቢዎች ስል ጥቂት ቃላት ላብራራ። ፓኬት ማለት በኔትወርክ ላይ ለብቻው ተጠቅልሎ የሚሄድ የመረጃ ቁራጭ ነው። ስዊች በኬብል የተሰኩበትን መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚያገናኝ ሳጥን ነው። ፒንግ ደግሞ ሌላው መሣሪያ ይመልስ እንደሆነ ለማየት የሚላክ ትንሽ መልእክት ነው። ናስ ማለት በኔትወርክ ለሁሉም ኮምፒውተር ፋይል የሚያስቀምጥ፣ ውስጡ ሃርድ ዲስኮች የተደረደሩበት ሳጥን ነው። ኤምቲዩ ደግሞ አንድ ፓኬት በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። በኢተርኔት፣ ማለትም በተለመደው የኬብል ኔትወርክ፣ የሚሠራበት 1500 ባይት ነው። ከዚያ የሚበልጠው ጃምቦ ፍሬም ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ 9000 ይደረጋል።

የጓደኛህ ስሌት ላይ ላዩን ያሳምናል። 9000 ለ1500 ሲካፈል 6 ነው። ግን በኬብሉ የሚያልፈውን የቢት ብዛት የሚወስነው የፓኬቱ መጠን አይደለም። ጊጋቢት መስመር በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቢት ያሳልፋል፤ ፓኬቱ ቢያንስም ቢተልቅም ያው ነው። ፓኬቱን ስታተልቅ የምታተርፈው በየፓኬቱ ላይ ለአድራሻና ለመሳሰለው የሚሄደውን ቦታ ብቻ ነው።

እሱ ደግሞ ስንት እንደሆነ ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል። ፓኬቱ ኬብሉ ላይ ሲወጣ የሚታሸግበት ፍሬም ይባላል፤ 1500 ባይት የጫነ ፍሬም ኬብሉ ላይ 1538 ባይት ቦታ ይይዛል። 14ቱ የኢተርኔት ራስጌ (ከፊቱ የሚለጠፈው አድራሻ) ነው። 4ቱ ስህተት መኖሩ የሚታወቅበት ነው። 8ቱ የመነሻ ምልክት ነው። 12ቱ ደግሞ ቀጣዩ ፍሬም እስኪነሳ የሚተው ክፍተት ነው። ከ1500ው ውስጥም 40 ባይት መረጃው የሚጓጓዝባቸው ደንቦች ለሆኑት ለአይፒና ለቲሲፒ ራስጌ ይሄዳል። ስለዚህ ከ1538ቱ ውስጥ ያንተ ቪዲዮ የሚይዘው 1460 ነው፤ 94.9 በመቶ ማለት ነው። በ9000 ሲሆን ከ9038 ባይት 8960ው ያንተ ይሆናል፤ 99.1 በመቶ። የሚተርፍልህ እንደ ቲሲፒው ሴቲንግ ከ4 እስከ 5 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ የሚገኝበት መንገድ የለም፤ ቀሪው ቦታ ድሮም በቪዲዮህ የተሞላ ነው።

ወደ አንተ ሥራ ላምጣው። ሁሉ ነገር በትክክል ቢሠራ 60 ጊጋባይቱ በተለመደው 1500 በ8 ደቂቃ ተኩል ገደማ ናስህ ውስጥ ይገባል። በ9000 ቢሆን ከዚህ ላይ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይቀነስም። አሁን በ38 ሜጋባይት ስትገለብጥ የሚፈጅብህ ግን 26 ደቂቃ ነው። ልንፈልገው የሚገባን ያ የጠፋው 18 ደቂቃ ነው። እሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ታዲያ ጃምቦ ፍሬም ለምን ተፈጠረ? 1500 የሚለው ቁጥር ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ የተባሉት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1980 በጋራ ካወጡት የኢተርኔት መግለጫ ጀምሮ የመጣ ነው። በዚያ ዘመን ሜሞሪ ውድ ነበር። ብዙ ማሽኖችም አንድ ኬብል ይጋሩ ስለነበር አንዱ ረጅም ፍሬም ከላከ ሌላው ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ጊጋቢት ሲመጣ ግን ችግሩ ዞረ። በ1500 ሙሉ ጊጋቢት ለመሙላት በሰከንድ 81,000 ያህል ፓኬት ማስተናገድ ያስፈልጋል፤ የዚያን ጊዜ ሲፒዩ በዚህ ብቻ ይታፈን ነበር። ኬላ ላይ እንደሚቆም ጭነት መኪና አስበው። መኪናው 10 ኩንታል ይጫን 60፣ ወረቀቱን ለማየት የሚፈጀው ጊዜ ያው ነው። አልቴዮን የተባለው የኔትወርክ ኩባንያ 9000ን ያስተዋወቀው ያን ጊዜ ነው። በ9000 የፓኬቱ ቁጥር ወደ 14,000 ገደማ ይወርዳል። 8192 ባይት የሆነው የፋይል ሰርቨሮች ብሎክም ሳይቆረጥ በአንድ ፓኬት ይገባል።

ዛሬ ይህ ሸክም በአብዛኛው ከሲፒዩው ትከሻ ላይ ወርዷል። አሁን ያሉ የኔትወርክ ካርዶች ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ ትልቅ ቁራጭ ሲሰጣቸው ራሳቸው በ1500 እየቆራረጡ ይልካሉ። በመቀበያው በኩልም የመጡትን ፓኬቶች ሰብስበው በአንድነት ያስረክባሉ። ስለዚህ ሲፒዩህ የጃምቦን ጥቅም ያለ ጃምቦ አግኝቶታል። ከ20 ዓመት በፊት የተጻፈ ምክር ዛሬ ቤትህ ላይ ያን ያህል የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ለምን ቆመ ወደሚለው ልምጣ። ጃምቦ ፍሬም የኢተርኔትን ደንብ የሚያወጣው የአይ ትሪፕል ኢ ስታንዳርድ ሆኖ አያውቅም። እያንዳንዱ አምራች የራሱን ልክ ያስቀምጣል። አንዱ 9000 ይላል፣ ሌላው 9014፣ ሌላው 9216፤ 4 ኪሎባይት ላይ የሚቆምም አለ። 9014 ላይ አትደናገር፤ እሱ 14 ባይቱን የኢተርኔት ራስጌ ጨምሮ የቆጠረ 9000 ነው። በዊንዶውስ ድራይቨሮች ላይ ብዙ ጊዜ የምታየው እሱን ነው።

ኮምፒውተርህና ናስህ ሲገናኙ መጀመሪያ «እኔ እስከዚህ ድረስ እቀበላለሁ» ይባባላሉ። አነስተኛው ያሸንፋል። በዚህ ምክንያት 1500 ላይ ያለ ስልክና 9000 ላይ ያለ ናስ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይነጋገራሉ። አንተ ግን ሁለቱንም 9000 አደረግሃቸው፤ ተስማሙ። መሀል ያለው ስዊች ግን በዚህ ንግግር ውስጥ የለም። ማንም አልጠየቀውም። ትልቁ ፍሬም ሲመጣበት ዝም ብሎ ይጥለዋል፤ ለላኪው መልእክት አይልክም። ራውተር ቢሆን «ይህ አያልፍም፣ አሳንሰው» ብሎ ይመልስ ነበር። ስዊች ይህን አያደርግም።

ምልክቱ አንተ የጻፍከው ነው። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይሞታል። የዊንዶውስ ፒንግ ሲላክ የሚጭነው 32 ባይት ብቻ ስለሆነ ይመለሳል። የናሱ ገጽ የመጀመሪያዋ ትንሽ ክፍል ትመጣለች። ትልቁ ሲከተል ይቀራል። ይህን ዓይነት ምልክት ያየ ሰው ከምንም በፊት የፓኬት መጠንን ይጠርጥር።

ማረጋገጥ ከፈለግህ መንገዱ እነሆ። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ላይ ፒንግ ስታደርግ ሁለት ምርጫ ጨምርበት። አንዱ ኤፍ (-f) ነው፤ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ ያዝዛል። ሌላው ኤል (-l) ነው፤ መጠኑን ይወስናል። መጠኑን 8972 አድርገው። ለምን 9000 አይሆንም? 20 ባይት ለአይፒ፣ 8 ባይት ለፒንጉ ራሱ ስለሚጨመር ነው፤ ተደምሮ 9000 ይመጣል። በሊኑክስ ይህንኑ የሚሠሩት ምርጫዎች ትልቁ ኤም «ዱ» ከሚለው ቃል ጋር (-M do)፣ እና ኤስ (-s) ናቸው። መልሱን በጥንቃቄ አንብበው። «መቆራረጥ ያስፈልገዋል» ካለህ የራስህ ካርድ ገና 1500 ላይ ነው። «ጊዜው አለፈ» ካለህ ካንተ ወጥቷል፣ መንገድ ላይ ተጥሏል ማለት ነው። በ1472 የሚመለስና በ8972 ጊዜው የሚያልፍ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ስዊቹ ላይ፣ ወይም መሀል በገባ ሌላ መሣሪያ ላይ ነው። የስዊቹን መግለጫ ወረቀት እይ፤ ጃምቦን ጨርሶ የማይደግፍ አለ፣ ደግፎም ሴቲንጉ ተዘግቶ የሚመጣ አለ።

የፍጥነት ሙከራው ላይ ደግሞ አጥብቄ የምለው አለኝ። ሰው ብዙ ጊዜ ፋይል እየገለበጠ ይለካና ስለ ኔትወርኩ ይፈርዳል። ፋይል ሲገለበጥ ግን የሚለካው ሁሉም ነገር አንድ ላይ ነው። ምንጩ ዲስክ፣ ዩኤስቢው፣ ሲፒዩው፣ ኬብሉ፣ ስዊቹ፣ የናሱ ዲስክ። ኔትወርኩን ብቻውን መለካት አለብህ። ለዚህ አይፐርፍ 3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። አንዱ ማሽን ላይ ሰርቨር አድርገህ ታስነሳዋለህ፣ ሌላው ላይ ደንበኛ። ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ ስለሚልክ ዲስክ አይነካም። ሳትነግረው 10 ሰከንድ ብቻ ይለካል፤ አንተ 30 አድርገው። አር (-R) በሚለው ምርጫ ደግሞ አቅጣጫውን ገልብጠህ ለካ። በአንድ በኩል ጥሩ ሆኖ በሌላው የሚዘገይ ኬብል ብዙ አይቻለሁ። ደጋግመህ ለካና የመሀሉን ቁጥር ያዝ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትቀይር። ኬብልም ኤምቲዩም አንድ ላይ ቀይረህ ፍጥነቱ ቢጨምር የትኛው እንደረዳህ በምን ታውቃለህ?

የሚመጣልህ ቁጥር ራሱ ይናገራል። 940 ሜጋቢት አካባቢ ካየህ ኔትወርክህ ጤነኛ ነው፤ በ1500 ከጊጋቢት የሚጠበቀው ይኸው ነው። 94 አካባቢ ካየህ መስመርህ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል። ጊጋቢት ኬብሉ ውስጥ ያሉትን አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል። አንዷ ሽቦ የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ በሆነው አርጄ 45 ውስጥ በደንብ ካልገባች ሁለት ጥንድ በሚበቃው 100 ላይ ይወድቃል፤ መብራቱ ግን ይበራል፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል። ቢሮዎች ውስጥ ኬብል ስዘረጋ በኖርኩባቸው ዓመታት «ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው» ከተባልኩባቸው ቦታዎች እጅግ ብዙዎቹ ላይ መድኃኒቱ ጫፉን ቆርጦ እንደገና ክሪምፕ ማድረግ ነበር። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ኬብልም ተጠንቀቅ። ካት 6 ተብሎ ይሸጥልሃል፣ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። ስትገዛ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርገው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተወው።

እኔ ቤት ባለው ኮምፒውተርና ሊኑክስ በጫንኩበት ትንሽ ሰርቨር መካከል በ1500 የማገኘው 941 ሜጋቢት ነው። ሁለቱንም ወደ 9000 ስቀይር 989 ይሆናል። ስሌቱ የሚለው በትክክል መጣ ማለት ነው። አንድ ትልቅ የቪዲዮ ፋይል ስገለብጥ በሰከንድ ከ112 ወደ 117 ሜጋባይት ከፍ ይላል። ብዙ ትንንሽ ፎቶ ያለበትን ፎልደር ስገለብጥ ግን ምንም ለውጥ የለም። እዚያ ላይ ጊዜውን የሚበላው እያንዳንዱን ፋይል መክፈትና መዝጋት ነው። ትንሽ ፋይል ጃምቦን አይሞላውም። በነገራችን ላይ ፋይል እየገለበጥክ ስትለካ ከኮምፒውተርህ ራም የሚበልጥ ፋይል ተጠቀም። ያለዚያ ሁለተኛው ሙከራ ከሜሞሪ ስለሚነበብ ፈጣን ይመስልሃል፤ ምስጋናውንም ላልሠራ ሰው ትሰጣለህ።

አሁን ወደ 38። ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። ዩኤስቢ 2 በወረቀት ላይ 480 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር ለሃርድ ዲስክ የሚሰጠው ግን በሰከንድ ከ35 እስከ 40 ሜጋባይት ነው። ያንተ ቁጥር መሀል ላይ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክህን ነው የምጠረጥረው። ሦስት ነገር እይ። የሰካህበት ፖርት ውስጡ ሰማያዊ ነው ወይስ ጥቁር? ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 2 ነው። የዴስክቶፑ የፊት ለፊት ፖርት ከሆነም ከኋላ ባለው ሞክረው። ገመዱስ ከሃርድ ዲስኩ ጋር አብሮ የመጣው ነው? ሰፋ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቀዳዳ ያላቸው ሃርድ ዲስኮች የስልክ ቻርጀር ገመድም ይቀበላሉ። ገመዱ በግማሹ ክፍል ገብቶ ይሠራል፤ ግን በዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው። በታይፕ ሲ ገመዶችም ያው ነው፤ ለቻርጅ ተብለው የተሠሩት ብዙዎቹ ከዩኤስቢ 2 አያልፉም።

ይህን ለማወቅ ኔትወርክ አያስፈልግህም። ያንኑ ቀረጻ ከሃርድ ዲስኩ ወደ ኮምፒውተርህ የውስጥ ኤስኤስዲ ገልብጠው። እዚያም 38 ከሆነ ኔትወርክህ ነፃ ነው፤ ጉዳዩ ተዘጋ። በትክክለኛው ገመድና ፖርት ትንንሾቹ ሃርድ ዲስኮች ከ100 እስከ 130 ሜጋባይት ያነባሉ። ይህ ከጊጋቢት ኔትወርክ ጋር ልክ ለልክ ነው። 26ቱ ደቂቃ ወደ 10 ይጠጋል።

ከዚያ በኋላም ፍጥነት ከፈለግህና ብር ለማውጣት ካሰብክ ለጃምቦ ብለህ ስዊች አትቀይር። 2.5 ጊጋቢት ስዊችና ካርድ ግዛ። የ2.5 ጊጋቢት ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ የታሰበው ቀድሞ ግድግዳ ውስጥ ለተቀበረው ካት 5ኢ ኬብል ነው፤ እስከ 100 ሜትር ይሠራል። ኬብልህን ሳትነካ ወደ 290 ሜጋባይት የሚደርስ መንገድ ይከፈትልሃል። የናሱ ዲስኮች ያን ያህል መጻፍ ይችሉ እንደሆነ ግን ቀድመህ አረጋግጥ።

ጃምቦን ከንቱ አልለውም። ሲፒዩው ደካማ የሆነ አሮጌ ናስ ላይ ይረዳል። 10 ጊጋቢት ላይ ደግሞ በደንብ ይረዳል፤ እዚያ በ1500 በሰከንድ ከ800,000 በላይ ፓኬት ነው የሚያልፈው። እኔም ቤቴ አንድ ቦታ ላይ እጠቀምበታለሁ። በሁለት ማሽኖች መካከል በቀጥታ የተዘረጋ የ10 ጊጋቢት ኬብል አለ፤ ስዊች የለውም፣ አድራሻውም ከቤቱ ኔትወርክ የተለየ ነው። መሀል የሚጥል ማንም ስለሌለ አስጨንቆኝ አያውቅም። የቤቱ ሌላ መሣሪያ ሁሉ፣ ፕሪንተሩም ቴሌቪዥኑም፣ 1500 ላይ ነው።

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ቤታችን ባለ ሦስት ፎቅ ታውንሃውስ ነው። ራውተሩ ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ እኔ ደግሞ ላይኛው ፎቅ ሆኜ ከቤት ነው የምሠራው። የምንከፍለው ለ1 ጊጋ ነው፣ እኔ ጋ የሚደርሰው ግን 60 ሜጋቢት አይሞላም። ሁሉ ነገራችን በዋይፋይ ነው። ባለቤቴ ራውተሩ ላይ ጃምቦ ፍሬም የሚል አማራጭ አይቶ እናብራው ይላል። ይጠቅመናል?»
ኤም.

መልስ፦ እህቴ ኤም.፣ አይጠቅማችሁም፤ ተዉት። ዋይፋይ አንድ ፓኬት ሲያጓጉዝ ጣሪያው 2304 ባይት ነው። 9000 በአየር አያልፍም። ደግሞም አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዋይፋይ 4 ጀምሮ ዋይፋይ ራሱ ትንንሾቹን ፓኬቶች አንድ ላይ ጠቅልሎ ይልካል፤ ጃምቦ የሚሠራውን ሥራ በራሱ መንገድ ይሠራዋል ማለት ነው። ኢንተርኔቱም ከበራችሁ ውጭ በ1500 ነው የሚሄደው። ከቤታችሁ የሚወጣ ትልቅ ፓኬት ቢኖር ራውተሩ ላይ ያበቃል።

ያንቺ ችግር ርቀትና ወለል ነው። አሜሪካ ስላለሽ ደግሞ እዚህ የሌለን ነገር ግድግዳሽ ውስጥ ይኖራል፤ ኮአክሲያል የሚባለው ክብ የኬብል ቴሌቪዥን ሽቦ። ክፍልሽ ውስጥ ያ ቀዳዳ ካለ ሞካ የሚባል አዳፕተር ግዙ። አንዱ ቤዝመንት ራውተሩ አጠገብ ይሰካል፣ ሌላው አንቺ ክፍል። ሞካ 2.5 የሚለው ትውልድ እስከ 2.5 ጊጋቢት ያስተላልፋል። ራውተራችሁ ሞካ አብሮት የተሠራ ከሆነ አንድ አዳፕተር ብቻ ይበቃል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን እዩት። ሽቦው ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ ላይ ትንሽዬ ማጣሪያ ማስገባት አትርሱ፤ ምልክቱ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ ያግዳል። በዚሁ ሽቦ የሳተላይት ቴሌቪዥን የምታዩ ከሆነ ግን አትሞክሩት፣ ሞገዳቸው ይጋጫል። ከአዳፕተሩ በኬብል ወደ ላፕቶፕሽ ብታገቢ ልዩነቱን ወዲያው ታይዋለሽ።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። አሁንም ከቤት ሆኜ ለሁለት ድርጅቶች ሒሳብ እሠራለሁ። ኢንተርኔቴ በስልክ መስመር የሚመጣው ኤዲኤስኤል ነው። አብዛኛው ገጽ ይከፈታል። አንዳንዱ ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ፋይል ማያያዝም አልችልም። ከድርጅቱ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘኝ ቪፒኤንም ይገናኝና ሥራ ስጀምር ይቆማል። ልጄ አዲስ ራውተር ከገዛልኝ ወዲህ ነው የመጣው። ፓኬቱን ማተለቅ ይረዳኝ ይሆን?»
አቶ ኃ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አቶ ኃ.፣ የእርስዎ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው። ማሳነስ ነው የሚያስፈልግዎት።

ብዙ የኤዲኤስኤል መስመሮች ፒፒፒኦኢ በሚባል አሠራር ነው የሚገናኙት፤ ራውተሩ ውስጥ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ካስገባችሁ የእርስዎም እሱ ነው። ይህ አሠራር ከእያንዳንዱ ፓኬት 8 ባይት ለራሱ ይወስዳል። ስለዚህ ከ1500 የሚተርፍልዎት 1492 ነው። 1500 የሞላ ፓኬት ሲመጣ «አሳንሱት» የሚል መልእክት ወደ ላኪው መመለስ አለበት። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የታወቀ አሠራር ነው። ችግሩ አንዳንድ ድርጅቶች ለደኅንነት ብለው ይህን መልእክት በራቸው ላይ ያግዱታል። ላኪው ሳይሰማ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል፣ እርስዎ ነጭ ገጽ ላይ ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ገጽ ተከፍቶ አንዳንዱ የማይከፈተው ለዚህ ነው። የድሮው ራውተር ይህን ተስተካክሎ የመጣ ነበር፤ አዲሱ ላይ ሳይስተካከል ቀርቷል ብዬ እገምታለሁ።

ልጅዎ ሲመጣ ከላይ ለቢ. የጻፍኩትን የፒንግ ሙከራ ወደ ውጭ፣ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ አድራሻ ያድርግልዎት። በ1472 ሳይቆራረጥ የማያልፍ፣ በ1464 ግን የሚያልፍ ከሆነ መስመርዎ 1492 ነው። 1464 ላይ 28 ሲጨመር ማለት ነው። ከዚያ ራውተሩ ውስጥ የኢንተርኔቱ መስመር ሴቲንግ ላይ ኤምቲዩ የሚለውን 1492 ያድርገው። ኤምኤስኤስ (40 ባይቱ ራስጌ ሲቀነስ ለመረጃው የሚተርፈው መጠን) የሚል ቦታም ካለ 1452 ይጻፍበት። የኮምፒውተርዎን ሴቲንግ መንካት አያስፈልግም።

ቪፒኤኑ በፓኬቱ ላይ የራሱን ራስጌ ስለሚጨምር ከ1492ም በታች ይፈልጋል። የቪፒኤን ፕሮግራሙ ሴቲንግ ላይ 1400 አድርገው ይሞክሩ። ከሠራ ፋይል እያያያዙ እስኪቆም ድረስ ጥቂት ጥቂት ከፍ ማድረግ ይችላሉ፤ ከቆመበት አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ይተዉት። በ1400ም ካልሆነ 1300 ላይ ይሞክሩና የድርጅቱን የአይቲ ባለሙያ በእነሱ በኩል ያለው ስንት እንደሆነ ይጠይቁት። ቁጥሩን ይነግርዎታል።